አንድ ፔዳል ብቻ ለሲንግል ኮይል ጊታር፦ ቲኤስ9፣ ዲኤስ-1 ወይስ ራት?

ስድስት ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል (በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ልገዛ ነው። ጊታሩ ሲንግል ኮይል (ድምፁን የሚለቅመው ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ)፣ አምፑ ባለ 30 ዋት ትራንዚስተር ነው፤ ንጹሕ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ባንዱ ውስጥ ኪቦርድና ሳክስፎን አሉ። ለትዝታና ለአንቺሆዬ ሶሎ ድምፁ ወፈር ብሎ እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ፤ ኮርድ አልፎ አልፎ ነው። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ፔዳል ነው። አይባኔዝ ቲኤስ9፣ ቦስ ዲኤስ-1 ወይስ ራት?

ዳዮድ፦
ስሙን ተወውና ዳዮዶቹ (ሞገዱን ገድበው ድምፁን የሚያሻክሩት ክፍሎች) የት እንደተቀመጡ እይ። ቲኤስ9 ላይ ያሉት ከኦፕ አምፑ (ድምፁን ከሚያጎላው ቺፕ) መውጫ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ ላይ ነው፤ የሞገዱን ጫፍ ለስለስ አድርገው ያጎብጡታል። ዲኤስ-1ና ራት ላይ ከማጉያው በኋላ ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ፤ ጫፉን ቁርጥ ያደርጉታል። ቲኤስ9 ስትመታ የሚሻክር፣ ስትዳብስ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሚድ (የመካከለኛው ድምፅ) ጉዳይ ነው። ቲኤስ9 ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ስለሚያጎላ ሚዱ ይወጣል። ዲኤስ-1 የቶን ማዞሪያው መሃል ላይ ሲሆን ሚዱን ያጎደጉደዋል፦ ብቻህን ስትሞክረው ግሩም ነው፣ ኪቦርዱና ሳክሱ ሲገቡ የት እንደገባህ አይታወቅም። ሱቅ ውስጥ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እኔ ቲኤስ9 እላለሁ።

ራት ወዳድ፦
ስለ ዲኤስ-1 ልክ ነህ፤ ቲኤስ9 ላይ ግን አልስማማም። ዝናው የመጣው መሻከር የጀመረ የቱቦ አምፕ ሲገፋ ነው፦ ድራይቭ (የማሻከሪያው ማዞሪያ) ዝቅ፣ ሌቭል (የድምፁ መጠን) ከፍ። ንጹሕ ትራንዚስተር አምፕ እንዲህ ሲገፋ ይጮኻል እንጂ አይወፍርም። ስለዚህ ሻካራው ድምፅ ሁሉ ከፔዳሉ መምጣት አለበት፤ ለዚያ ራት ሰፊ ነው። ዲስቶርሽኑ ሩብ ላይ ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ያለ መሻከር) ይመስላል፣ ከግማሽ ሲያልፍ ክሩ ይቆያል። ፊልተር የሚለው ማዞሪያ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይቀንሳል። ለሲንግል ኮይል ከግማሽ አሳልፈው።

አንቺሆዬ ላይ ተጠንቀቅ። ከዶ ሲጀመር ዶና ሬ ቤሞል፣ ፋና ሶል ቤሞል በግማሽ ድምፅ ይጎራበታሉ። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለቱ አብረው ከጮኹ እርስ በርስ እየተፋጩ ይንጫጫሉ፤ የቀደመውን ክር በመዳፍህ ዝም አሰኝተህ ወደሚቀጥለው ሂድ። ኮርድ ከሆነ ደግሞ ሥሩን (መነሻ ኖታውን)ና አምስተኛውን ብቻ ያዝ፣ ሦስተኛው ነው የሚያጨቀየው።

ባለ ብየዳ፦
ሁለታችሁም ኃይሉን ረሳችሁት። ለአዲሶቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ያስፈልጋል። ያገለገለ ዲኤስ-1 ካገኘህ ጽሑፉን አንብብ፦ ኤሲኤ የሚል ከሆነ ለ12 ቮልቱ የድሮ አዳፕተር የተሠራ ነው፤ የተስተካከለ 9 ቮልት ስትሰጠው ይደክማል። በባትሪ ከሆነ ስትጨርስ የመግቢያውን ገመድ ንቀል፣ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው ያልቃል።

የሲንግል ኮይሉ እምምታ የፔዳል ብልሽት አይደለም፤ ከመስመሩ የሚለቀመውን 50 ኸርዝ ነው ፔዳሉ አጉልቶ የሚያሰማህ። ከትራንስፎርመር ራቅ በል፣ ፊትህን አዙር፣ ይቀንሳል።

ስትሞክር የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ። ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ጩኸቱ እኩል እስኪሆን ሌቭሉን አስተካክል፣ ከዚያ አወዳድር። ያለዚያ የጮኸው ሁሉ ያሸንፋል።

ስድስት ክር፦
ራቱን በዚህ መንገድ እሞክረዋለሁ። ዋህ (በእግር ሲንቀሳቀስ ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ ፔዳል) ቢጨመርስ፣ ከራቱ ፊት ነው ከኋላ?

ባለ ብየዳ፦
ከፊት። ዲሌይና ሪቨርብ (ድምፁን የሚያስተጋቡት) ከኋላ።