የሊቺ ፒዩሬ ለምን ይቀጥንብኛል?

የረሆቮቷ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እስራኤል ውስጥ ሲሆን፣ እዚህ በሐምሌ ወር ገበያው ሊቺ በሚባለው፣ ሸካራ ቀይ ልጣጭ፣ ነጭ ሥጋና አንድ ዘር ባለው ትንሽ ፍሬ ይሞላል። ልጆቼ ስፕሪስ ስለሚወዱ ከብርጭቆው ሥር ሊቺ፣ ከላዩ ማንጎ ለመደረብ አስቤ አንድ ኪሎ ያህል ልጬ ፒዩሬ፣ ማለትም ወፈር ያለ የፍሬ ፍጭ፣ እንዲሆንልኝ በብሌንደር ፈጨሁት። የወጣልኝ ግን እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ቡናማ ብናኝ የበዛበትና መረር የሚል ነገር ነው፤ ማንጎውም ገና ስጨምረው ወደ ታች ሰመጠ። ይወፍር እንደሆነ ብዬ እሳት ላይ ባንተከትከው ደግሞ ያ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለው መዓዛው ጠፋ። ስህተቴ የት ላይ ነው? በጣሳ የታሸገውን ብጠቀምስ ይሻል ይሆን?

ጭማቂ ቤት፦
መቅጠኑ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ማንጎም ሆነ ሊቺ አብዛኛው አካላቸው ውሃ ነው፤ ነገር ግን ማንጎ ሲፈጭ ውሃውን አቅፎ ሲይዝ፣ ሊቺ ወዲያው ይለቀዋል። ቡናማው ብናኝ የመጣው ዘሩ ተቀምጦበት ከነበረው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ እዚያ የሚቀረውን ስስ ቆዳ በቢላ ጫፍ ካላነሡት ቀለሙንም ጣዕሙንም ያበላሻል። ዘሩ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው አንድም እንኳ ብሌንደር ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከተላጠና ዘሩ ከወጣ በኋላ ከአንድ ኪሎ የሚተርፍዎት 600 ግራም ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ እንዳይጠቁር አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው፣ አረፋ እንዳያበዛ ብሌንደሩን እያቆሙ በአጭር በአጭሩ ይፍጩት። ከዚያ ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ፒዩሬ ነው፣ የሚንጠባጠበውም ግሩም መጠጥ ነው። እሳት ግን ፈጽሞ አያሳዩት፤ መዓዛው በሙቀት በንኖ የሚጠፋ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ትኩሱ ሊቺ ውድ ስለሆነ እኔ የምጠቀመው የጣሳውን ነው። መላጥና ዘር ማውጣት አለመኖሩ ትልቅ እረፍት ነው፤ ይሁን እንጂ ሲታሸግ በሙቀት ስላለፈ መዓዛው ከትኩሱ ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ትኩሱ በእጅዎ እያለ ወደ ጣሳ እንዲሄዱ አልመክርም። ከተጠቀሙም 565 ግራም ከሚለው ጣሳ ግማሽ ያህሉ ሽሮፕ መሆኑን አስበው ይግዙ፣ ሽሮፑን በደንብ ያጥልሉት፣ ስኳርም አይጨምሩ። ስለ ውፍረቱ አንዳንዶች ጄላቲን ይጨምራሉ፤ ጄላቲን ከእንስሳት የሚገኝ በመሆኑ እንደኔ ለሚጾም ሰው አይሆንም። እኔ ፒዩሬውን በበረዶ መሥሪያው ላይ አፍስሼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረውና ሊጠጣ ሲል እንደገና እፈጨዋለሁ፤ ያን ጊዜ በማንኪያ የሚነሣ ይሆናል። አደራረቡንም ይገልብጡት፦ ወፍራሙ ማንጎ ከታች፣ ሊቺው ከላይ ይሁን።

የረሆቮቷ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የዘሩን ቆዳ አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ሥራው እጅ የሚያሰለች ቢሆንም ምሬቱ ጠፍቷል። ካደረ በኋላ ፈጭቼ ከማንጎው ላይ በማንኪያ ጀርባ ሳሰፍረው ሳይደባለቅ ቆመ። ከወንፊቱ የተንጠባጠበውን ግን ልጆቹ ስፕሪሱ ሳይደርስ ጨርሰውት ነበር።