ክርክር፦ ያኔ በኮሮና ጊዜ ርቀት ያልጠበቀው ወጣቱ ብቻ ነው እንዴ?

አድሚን፦ ሰላም ባሕር ዳሮች፣ እስቲ ዛሬ ኳሱን ተዉትና አንድ ነገር ላንሳ። ትናንት ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን "ኮሮናን ቤት ለቤት ያዞራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ርቀት ጠብቁ ስትባሉ ትስቁ ነበር" እያሉ ሲቆጡኝ ዋሉ። እኔ ያኔ 18 ዓመቴ ነው፣ ዝም አልኩ እንጂ አልተዋጠልኝም። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ያው ወቀሳ ነው የሚጠብቀን። እና እውነት ያጠፋው ወጣቱ ነው? በጨዋ ደንብ፣ የሚሳደብ ይባረራል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ምን ያከራክራል አዎ እኛ ነን በቃ። ማስኩን አገጫችን ላይ አንጠልጥለን፣ ፖሊስ ሲመጣ አፍንጫ ላይ፣ ሲሄድ አገጭ ላይ። አንድ ማስክ ለሦስት ሰው እየተቀባበልን ባንክ የገባን ልጆች አይደለንም እንዴ?

ፖሊ 2012፦ አንተ ስለራስህ አውራ። እኔ ግቢ ነበርኩ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ኮሮና የያዘው የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ብዙም ሳይቆይ እኛም ወደየቤታችሁ ተባልን። ቤት ማለት እኮ ለኔ አንድ ክፍል ነው፣ አራት በሦስት ትሆናለች፣ ስድስት ሰው እንኖርባታለን። ሬዲዮው "ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ" ሲል ታናሽ ወንድሜ ከአልጋው ተነስቶ ለካው፣ በሁለተኛው እርምጃ እግሩ ምድጃው ጋ ደረሰ። እማዬ ሳቀች። እኔ የወጣሁት ለጨዋታ አይደለም፣ ለመተንፈስ ነው የወጣሁት።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ለመተንፈስ ወጥተህ የሰው ትንፋሽ ውስጥ ገባህ ሃሃሃ

የጣና ዳር ልጅ፦ የኔን ስሙኝ። አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ነበር የምንቀመጠው፣ ድንጋዩ ራሱ ያራርቅሃል፣ ነፋሱ ከውሃው ይመጣል፣ ፀሐይ አለ፣ ከዛ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ዱላ የያዘ ሰውዬ መጥቶ "አምስት ናችሁ ተበተኑ" አለን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት በላይ መሰብሰብ ከልክሏል አይደል፣ አምስተኛው ማን ይሁን እየተባባልን ተነሳን። የት ሄድን? ጆተኒ ቤት! የፊት በሩ ተቆልፎ በጓሮ ነው የሚገባው፣ መስኮቱ መብራት እንዳይታይ በካርቶን ተደፍኗል፣ አስራ ምናምን ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይጮኻል፣ እጀታው በላብ ረጥቦ ያዳልጣል። ባለቤቱ በር ላይ ሳኒታይዘር አስቀምጧል፣ ባዶ ነው ግን። እና ማነው ጥፋተኛው፣ ከነፋስ አንስቶ ካርቶን ውስጥ የከተተን አይደለም?

ሲስተር፦ ልጆች እኔ ነርስ ነኝ፣ ያኔ ለይቶ ማቆያ ሠርቻለሁ። የጣና ዳሩ፣ ነፋሱ ላይ እውነት አለህ፣ እኛም መጀመሪያ እጅ መታጠብና ሁለት ሜትር ላይ ነበር ሙጭጭ ያልነው፣ ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል አየሩ ላይ እንደሚቆይ በደንብ የተነገረው ቆይቶ ነው። ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ ይህ በሽታ ምልክት ሳይታይብህ አንድ ሁለት ቀን ቀድመህ ታስተላልፋለህ። ወጣት ደግሞ ብዙው ትንሽ አስነጥሶት ያልፈዋል፣ አያቱ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። "እኔ ምንም አልሆንኩም" የምትሉት እኮ ነው አደጋው። በኦክስጅን የሚተነፍስ ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ "ልጄ ነው ያመጣብኝ" ሲሉኝ ሰምቻለሁ።

ባለ ባጃጅ፦ እናንተ ጆተኒ ትላላችሁ እኔ ዳቦዬን ነው የማወራው። ከተማዋ ለ14 ቀን ተዘጋች ሲባል የቤት ኪራይ ግን አልተዘጋም። ኪራይ መጨመርም ማስወጣትም በአዋጅ ክልክል ነበር ይባላል፣ ለኔ አከራይ ማን ይንገራት። ታሪፍ ሲጨምር ሰው ይቀንሳል ተባለ፣ ታሪፉ ጨመረ ሰዉም አልቀነሰም። ከኋላ ሦስቱም ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ሽማግሌም ወጣትም።

ትንሿ፦ ወንዶች ስለ መውጣት ትከራከራላችሁ፣ እኛስ? ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ "እንዳትወጪ፣ ጓደኛ እንዳይመጣ" አለች፣ እሺ አልኩ፣ ስልኬንም ወንድሜ ለትምህርት ብሎ ወሰደው (ፊልም ነበር የሚያየው)። ግን ከሰዓት ቡና አለ፣ ጎረቤት ሰባት ሰው ይመጣል፣ ሲኒው ስድስት ነው፣ ያልጠጣ እስኪደርሰው እኔ አለቅልቄ እቀዳለሁ። ጓደኛዬ ማስክ አድርጋ በር ላይ ቆማ ደብተር ስታቀብለኝ ተቆጡን። ሰባቱ "ኮሮና ለፈረንጅ ነው" እያሉ ፈንዲሻ ከአንድ ሳህን ሲዘግኑ ማን ተቆጣ? እኔ ትልቅ ሰው አልዳፈርም ግን በእውነት ሼም ነው።

አድሚን፦ ትንሿ ገደለችን። ጋሼ፣ እርስዎ ዝም አሉ?

ጋሼ፦ እያነበብኩ ነው ልጆቼ፣ መነጽሬ እስኪገኝ ነው። እውነት ልናገር? የአጎቴ ልጅ አርፎ ያኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ይሁን ተብሎ ነበር፣ እሺ ብለን ሄድን፣ ሰው አለቀሰ፣ ሰው ተቃቀፈ። ልቅሶ ላይ "ራቅ በል" የሚል ምላስ ከየት ይመጣል? ያልደረሰ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ይወቀሳል። የ2012 ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ በቴሌቪዥን ያስቀደስኩበት ዓመት ነው፣ ያን ቻልኩ፣ ልቅሶውን ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ወጣቱን ብቻ መውቀስ ነውር ነው። ግን እናንተም፣ እኛ ለሬሳ ተሰበሰብን፣ እናንተ ለጆተኒ።

የጣና ዳር ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ ግን ለሬሳ ሲሆን ቫይረሱ ያዝናል እንዴ?

ጋሼ፦ አያዝንም። ልክ ነህ።

ፖሊ 2012፦ አሁን ገባኝ የኔ ችግር። እኛ ሁሌ ቁጥር ነው የተነገረን፣ ሁለት ሜትር፣ አራት ሰው፣ 14 ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ መጋቢት ላይ "ማህበራዊ ሳይሆን አካላዊ ርቀት በሉት" ብሎ ነበር፣ እኛ ጋ የደረሰው ግን ከሰው ተለይ የሚለው ነው። 19 ዓመት ልጅን ከሰው ተለይ ብትለው ይደበቅሃል እንጂ አይለይም። "ሐይቁ ዳር ተቀመጡ፣ ቤት ስትገቡ አያታችሁ ጋ አትጠጉ" ብሎ የነገረን አለ?

ሲስተር፦ ተነግሯል። ስልክ ስትደውሉ ሁሉ ይነገር ነበር እኮ፣ ከጥሪው በፊት።

ፖሊ 2012፦ እሱን ማን ይሰማል ሲስተር፣ ቶሎ አንሳው እያልን ነበር የምንጠብቀው።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ እሺ እኔ ለምን "እኛ ነን" እንዳልኩ ልንገራችሁ፣ ቅድም የምትቀልዱ መስሎኝ ዘለልኩት። ከአያቴ ጋ ነው የምኖረው። ሰኔ ላይ ጆተኒ ቤት አምሽቼ ገባሁ፣ ዓሣ ወጥ ሠርታ ጠብቃኛለች፣ እንደ ሁልጊዜው አጥንቱን አውጥታ አጎረሰችኝ፣ እኔም አጎረስኳት። በሳምንቱ ሳል ያዛት። ሳትመረመር ሁለት ሳምንት ተኛች፣ ማታ ማታ ትንፋሿን እየቆጠርኩ በር ላይ ነበርኩ፣ ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቀት የጠበቅኩት። እሷ ደግሞ "ምን ሆነህ ነው የራቅከኝ፣ ተጣላን እንዴ?" ትለኛለች።

ትንሿ፦ ውይ። ዳነች?

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ድና አሁን ጎኔ ናት፣ ምን ትጽፋለህ እያለችኝ ነው። ነገርኳት። "ኮሮና አይደለም፣ የሐይቁ ብርድ ነው" ትላለች።

ጋሼ፦ ሰላም በልልኝ።

ባለ ባጃጅ፦ ኧረ ያ ጆተኒ ቤት አሁንም አለ፣ ትናንት በዛ አልፌ ካርቶኑን አልነቀሉትም።