ቤታችን «ቅርስ ነው» ተባለ፣ ጣሪያውን መቀየር አንችልም ማለት ነው?

የሰገነቷ ልጅ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አያቴ ያለችበት ቤት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከድሮው ገበያ ከፍ ብሎ ነው። የከተማዋን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ እዛው ነው የምንኖረው። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ፎቅ አለው፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት አለው። ቅድመ አያታችን ነጋዴ ነበር፣ አልዩ አምባ ወርዶ ቡናና ጨው እያመጣ ነው ያሠራው ይባላል። ታች ዕቃ ቤት፣ ላይ መኖሪያ። በሩ ወይራ ነው፣ እኔ ብቻዬን ገፍቼ አልከፍተውም።

አምና ክረምት ጣሪያው ለየለት። እናቴ ሳፋ፣ እኔ ባልዲ፣ አያቴ ደግሞ የቡና ሲኒዎቿን ታቅፋ አደርን። መስከረም ሲጠባ ብር አዋጥተን ቆርቆሮ ገዛን። ጥቅምት ላይ ሠራተኞቹ ወጥተው ገና ሁለት ቆርቆሮ ሳያነሱ አንድ ሰው በሞተር መጣና «ይሄ ቤት ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ሄደ። ወረቀት የለም፣ ማህተም የለም። ብንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ያኛው «ኮሚቴ መጥቶ ያያል» አለን። ይኸው ግንቦት ገባ፣ ኮሚቴውን ያየ የለም። የተነሳው ቆርቆሮ ቦታ ላይ ላስቲክ ወጥረን ድንጋይ ጭነንበታል።

አጎቴ «በአንድ ሌሊት አፍርሰን ጂ ፕላስ ቱ እንሥራ፣ ከዛ ይቅጡን» እያለ ነው። አያቴ ደግሞ ሊወርሱን ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። እውነት ቅርስ ከተባለ ቤቱ የእኛ መሆኑ ይቀራል? ጣሪያ ለመቀየርስ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?

ቁርጥ ያለ

እህቴ ሙች፣ ፈቃድ ስትጠብቂ ቤቱ ራሱ ይወርድልሻል። ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኛ አስገቢ፣ ሰኞ ሲመጡ አልቋል። እዚህ አገር ይቅርታ ከፈቃድ ይቀላል።

ድሮ ቅርስ ክፍል

ከላይ ያለው ወንድሜ የሚለውን እንዳትሰሚ። ቆርቆሮው እሺ፣ ነገ ግን ግድግዳ ሲነካ «ያለ ፈቃድ ቅርስ አፈረሱ» የሚል ክስ ይመጣል፣ ክሱ ደግሞ የሚመጣው አያትሽ ላይ ነው፣ ካርታው በሳቸው ስም ከሆነ። እኔ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ ነገሩን በግልጽ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ የአያትሽ ፍርሃት። ቅርስ ስለተባለ ብቻ አይወረስም። በሥራ ላይ ያለው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ይላል። ሐረርን እዪ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፣ ሰዉ ግን ዛሬም እዛው ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ልጁን ይድራል፣ ጫቱን ይቅማል። ግን አያትሽን አልፈርድባቸውም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ያዩ ሰው ናቸው። በዛን ጊዜ ደብተር ይዞ ቤት የሚቆጥር ሰው ከመጣ ምን ይከተል እንደነበር ያውቃሉ። ለምዝገባ ስንዞር ስንት በር ተዘግቶብናል! «ቤትዎን ልንመዘግብ ነው» ስንል «ልንወርስ ነው» ብለው ነው የሚሰሙት። እኛም ሞኞች ነበርን፣ ቃሉን መቀየር እንኳ አላሰብንም።

ሁለተኛ፣ አዋጁ ባለቤቱን ግዴታ ውስጥም ያስገባዋል። ቅርሱን በራስሽ ወጪ መጠበቅና መንከባከብ አለብሽ። ጥገና ስታደርጊ ቀድመሽ ፈቃድ ታወጫለሽ። ለመሸጥ ብትፈልጉም አስቀድሞ ማሳወቅ አለ። በሌላ በኩል የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል እዛው አዋጅ ላይ ተጽፏል። «ሊሸፍን ይችላል» ነው፣ «ይሸፍናል» አይደለም። ቢሆንም ጠይቂ። ያልጠየቀ እንደሆነ ምንም አያገኝም።

ማን ይፈቅዳል ላልሽው፣ በ2006 የወጣው አዋጅ 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ከፍሏቸዋል። እንደ እናንተ ያለው የአነስተኛ ከተማ መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ክልል ጋ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከወረዳ ወይም ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ትጀምሪያለሽ፣ ከዛ ዞን መምሪያ፣ ከዛ ባሕር ዳር ቢሮው። የፌዴራሉ ቅርስ ባለስልጣን ጋ የሚደርሰው ብሔራዊ ከሆነ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ በሕንፃ አዋጅ የሚታይ። ሰው ሁለቱን ያምታታና አንዱን ይዞ ሌላው ጋ ይመላለሳል፣ ቢሮዎቹም ይህንን ያውቁታል፣ ለዚህ ነው እንደ ኳስ የሚቀባበሉሽ።

አሁን የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፣ ጻፊ። «ቤታችን በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ ይሰጠን፣ ካልተመዘገበ በጽሑፍ ይገለጽልን፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ ከሰኔ በፊት አስቸኳይ ጥገና እንዲፈቀድልን» በይ። ፎቶ አያይዢ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ በቅጂሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቺ። በቃል የተከለከልሽውን በቃል አትከራከሪ። የሞተሩ ሰውዬ ነገ ቢቀየር «እኔ አላልኩም» የሚል ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው።

ግንበኛው

ሕጉን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ቤቱ ላውራ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ሃያ ምናምን ዓመት ግንብ ሠርቻለሁ፣ አባቴም ግንበኛ ነበር።

የድሮ ቤት የሚሞተው ከራሱና ከእግሩ ነው። መሃሉን ዝናብ ካላገኘው መቶ ዓመት ይቆማል። ስለዚህ ሰገነቱን፣ ቀለሙን፣ መስኮቱን ለጊዜው እርሱት። ጣሪያና ውሃ መውረጃ ብቻ።

መጀመሪያ ግድግዳው በምን እንደተሠራ እወቁ። ቁልፍ ያዢና በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ፋቅ ፋቅ አድርጊው። ቡናማ ሆኖ እንደ ሽሮ ከፈሰሰ ጭቃ ነው። ነጭ ከሆነና ሎሚ ስትጨምቂበት ትንሽ ከተንተከተከ ኖራ ነው። ሁለቱም ቢሆን ሲሚንቶ እንዳታስነኩት! ይህንን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ሰው የሚያፈሰውን ግድግዳ «እናጠንክረው» ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ለሁለት ዓመት ያምራል፣ ከዛ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል፣ ድንጋዩንም ይዞት ነው የሚወድቀው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበት ያስገባሉ፣ ያስወጣሉም። ሲሚንቶ ይዘጋዋል። ከመሬት የሚመጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ሆኖ ጭቃውን ያበሰብሰዋል። ከውጭ ደህና የሚመስል ቤት ከውስጥ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ፣ በጡጫ ስትመቺው እንደ ከበሮ ይጮኻል።

ጣሪያውን ስትቀይሩ ወጋግራውን ሁሉ አታውርዱ። የበሰበሰውን ብቻ ለዩ። በመሮ ጫፍ ውጉት፣ እንደ ቂጣ ከገባ ይቀየር፣ ካልገባ ይተው። የድሮ ጥድ ነው፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ባህር ዛፍ አይተካውም። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይውጣ። አሸንዳ ይግባለት። ከቤቱ ኋላ ቦይ ቆፍሩና ውሃው ወደ መሰረቱ እንዳይሄድ አድርጉ። ቦይ ለመቆፈርም የሚከለክል ካለ እኔ ራሴ መጥቼ አነጋግረዋለሁ፣ ሃ ሃ።

የወደቀ ምርጊት ካለ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡኩትና ሳምንት ይቀመጥ፣ ሽታው ሲመጣ ደርሷል። እዚህ ደጋው ላይ የጤፍ ጭድ ውድ ነው፣ የገብስ ገለባ ያለ ሰውም በሱ ይሠራል፣ ግን በደንብ ይከተፍ።

ሌላው፣ የምታነሱትን ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ እንጨት ሁሉ ከመነካቱ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የት እንደነበረ ቁጥር ጻፉበት። ኮሚቴው አንድ ቀን ከመጣ «እንዴት ነበር?» ማለቱ አይቀርም።

የመንዝ ልጅ

«ድሮ ቅርስ ክፍል» የጻፍከው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አናደደኝ። ግዴታው የባለቤቱ፣ ፈቃዱ የቢሮው፣ ወጪው «ሊሸፈን ይችላል»። ይሄ እኮ አትብላ አትጹም ነው።

እኛ ጋ የጓሳን ታሪክ ታውቃላችሁ። ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን የሚሆን ነው፣ አያቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል፣ ቀልድ የለም። ግን የሚከፈትበት ጊዜ አለው! ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል። ሰው መዘጋቱን የሚታገሰው መከፈቱን ስለሚያውቅ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩ ተግጦ አለቀ፣ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ መልሶ አቆመው። ዛሬ ቱሪስት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ የሚመጣበት እሱ ነው።

የከተማው ቅርስ ሕግ ግን መዝጊያ እንጂ መክፈቻ የለውም። «አትንኩ» የሚል ሰው ሞተር አለው፣ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ዓይነት ጠግኑ» የሚል ግን የለም። ከዛ ቤቱ ሲወድቅ «ሕዝቡ ቅርሱን አያውቅም» እንባላለን። አንኮበር ሄዳችሁ የነገሥታቱ ግቢ የነበረበትን ኮረብታ እዩ፣ የግንብ ቁራጭ ነው የቀረው። አንጎለላም፣ ምኒልክ በ1836 የተወለዱበት ቦታ፣ ይኸው ነው። እነዛን ሕዝቡ ነው ያፈረሰው?

ድሮ ቅርስ ክፍል

የመንዝ ልጅ፣ አልከራከርህም፣ ውስጡ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ለወረዳው በሙሉ አንድ የቅርስ ባለሙያ ነበረ፣ እሱም እኔ ነኝ። ሞተሩን ለሌላ ሥራ ሲወስዱብኝ በእግሬ እሄድ ነበር። ቤት አይቼ «ይጠገን» ብዬ ስጽፍ ግንብ የሚያውቅ መሐንዲስ የሚመጣው ከላይ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። «አትንኩ» ማለት ርካሽ ነው። አበል አይጠይቅም።

ግን አጎትየው ያለውን እንዳታደርጉ። ያፈረሱ ሰዎች አውቃለሁ። ቦታው ላይ የወጣው ፎቅ እስካሁን በብሎኬት ቆሟል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን ስላልሰጠ አልተለሰነም። አሮጌውም የለ፣ አዲሱም የለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብቻችሁን አትጻፉ። በዛ ሰፈር ሌላም ድንጋይ ቤት ይኖራል መቼም። አምስት ስድስት ባለቤት ሆናችሁ ብትፈርሙ ጉዳዩ «የአንዲት አሮጊት ቆርቆሮ» መሆኑ ይቀርና የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። አዋጁ ላይ አንድን አካባቢ በሙሉ የተጠበቀ ብሎ መከለል የሚባል ነገርም አለ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚወሰን። እሱ ረጅም መንገድ ነው፣ ተስፋ አልሰጣችሁም። ግን አካባቢው በአንድ ላይ ሲታይ ባለሙያም በአንድ ጉዞ ይመጣል።

ቁርጥ ያለ

እሺ ተረታሁ። ግን ሰኔ ግም ሲል ላስቲኩ ነው የሚያድናት፣ ደብዳቤው አይደለም። ወፍራም ሸራ ግዙ፣ የመኪና ሸራ።

የሰገነቷ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሥር ቀን ሆነው፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ዞር ዞር ብዬ ጎረቤት ስጠይቅ ለካ ሌሎች አራት ቤቶችም በቃል «አትንኩ» ተብለዋል፣ አንዳቸውም ወረቀት የላቸውም። ሦስቱ ፈረሙ። አራተኛው «እኔ ስሜን የትም አላስገባም» አሉ፣ እሳቸውም የ67ቱን እያሰቡ ነው መሰለኝ፣ አልገፋኋቸውም።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መጀመሪያ አልቀበልም አለች፣ «ኃላፊው ይየው» ብላ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተሰላችታ ቁጥር ሰጠችኝ፣ ማህተሙንም መታችልኝ። በሳምንቱ ደውለው የመጀመሪያውን ነገር ነገሩን፣ ቤቱ ዝርዝር ላይ አለ ግን ተጠንቶ አልጸደቀም። ለጣሪያው «ቅርጹን ሳትቀይሩ ጠግኑ» የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ሰጡን። ስለ ሰገነቱ ምንም አላሉም፣ ስለ ገንዘብም።

ግንበኛው፣ ቁልፉን ሞከርኩት። ታች ያለው ጭቃ ነው፣ ላይኛው ፎቅ ነጭ ነው፣ ሎሚው ተንተከተከ። ሁለት ጊዜ የተሠራ ይሆን? አያቴን ስጠይቃት «ላዩን አባቴ ሲያገባ ነው የጨመረው» አለች፣ ይሄንን ከዚህ በፊት ነግራን አታውቅም። ሠራተኞቹ እሁድ ይወጣሉ፣ ቆርቆሮውን በቾክ ቁጥር እየጻፍኩበት ነው፣ እስካሁን ሠላሳ አንድ ደርሻለሁ።

አያቴ ደብዳቤውን ብርሃን ላይ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ማንበብ አትችልም። «ማህተሙ የማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፣ ፎቶ ኮፒ ላደርገው ስለምን እስካሁን አልሰጠችኝም።