የሆሊሆክ ችግኞቼ እየወደቁብኝ ነው፤ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ!

ባለ ረጅሟ (ሐምሌ 16፣ ከጠዋቱ 1:10)
ሰላም ቤተሰብ። ቸኩያለሁ። የሆሊሆክ ችግኞቼ እየወደቁ ነው። ትናንት ማታ 34 ነበሩ። ዛሬ ስነሳ የቆሙት 19 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አፈሩ ላይ ተኝተዋል፤ ቅጠላቸው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ዘሩን የለቀምኩት ከእማዬ ግቢ ነው። ያ ቤት ፈርሷል፤ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው ያለነው። እማዬ አበባዋን «ረጅሟ» ነው የምትላት። ከአጥር በላይ ወጥታ መንገደኛው ሁሉ ያያት ነበር። ለእንቁጣጣሽ ላሳያት ብዬ ነው የዘራሁት። የቀረኝ ዘር እፍኝ አይሞላም። ምን ላድርግ?

ባለ አመድ
የከሰል አመድ ነስንሺበት። እኔ ለጎመኑም ለቆስጣውም እሱን ነው የማደርገው።

የግቢ ልጅ
ቀንድ አውጣ ነው። በዚህ ዝናብ የእኛ ግቢ ግድግዳ ሁሉ ቀንድ አውጣ ሆኗል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘሽ ውጪ፤ እጅ ከፍንጅ ትይዣቸዋለሽ።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ ተክሏን እንወቃት። ሆሊሆክ የባሚያና የጥጥ ዘመድ ናት። አበባቸውን ጎን ለጎን ብታዪ ዝምድናው ወዲያው ይታይሻል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ከመሬት ሳትርቅ ቅጠል ብቻ ትዘረጋለች። ግንድ አውጥታ የምታብበው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ 2 ሜትር ትደርሳለች፣ አንዳንዴም ታልፋለች። ሥሯ እንደ ካሮት ቁልቁል ስለሚወርድ ካደገች በኋላ መነቀል አትወድም። ዘሯ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም፤ በ2 ሳምንት ገደማ ይበቅላል። አንዱ ከሌላው ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ፀሐይ ደግሞ የግድ ነው።

ባለ ረጅሟ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህን ሳነብ ሁለት ወደቁ። 17 ቀሩ።

የካዛንቺሷ
አይክፋሽ እንጂ ሐሳቡ ራሱ ልክ አልመሰለኝም። በሐምሌ ዘርተሽ ለመስከረም 1 አበባ? ጋሽ መምህር ያሉትን አንብቢው፤ ዘንድሮ አታብብም። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ያዢላቸው። ደግሞስ በዚህ ዶፍ ማን ይዘራል?

ባለ ረጅሟ
ሁለት ዓመት እንደምትፈልግ አላውቅም ነበር፤ አሁን ስሰማ ደነገጥኩ። ኪራይ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት መቆየታችንንም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እማዬ ግቢ በክረምት ራሷ ነበረች የምትበቅለው። ማንም አይዘራትም ነበር።

የካዛንቺሷ
እዚያማ መሬት ላይ ነው፣ ውሃው ይሄዳል። አንቺ የዘራሽው በምንድን ነው?

ባለ ረጅሟ
በተቆረጠ ሃይላንድ። ብርድ እንዳይመታቸው ፌስታል አልብሻቸዋለሁ። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ።

ባለ አመድ
አመድ አልኩሽ እኮ።

የቀበናው
እኔ መጀመሪያ ሆሊሆክ የዘራሁ ጊዜ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። ቅጠሉ ጎመን መስሏት ሸልቅቃ ከትፋ ልትጥደው ስትል ደረስኩ። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ እንስቃለን! አሁን ዘሩን በሶፍት ካርቶን ነው የማበቅለው፤ ያ መሐሉ ያለው ቱቦ። አፈር ሞልተህ ሁለት ዘር ትጨምራለህ፤ ሲያድግ ከነካርቶኑ ትተክለዋለህ። ሥሩ ሳይነካ ካርቶኑ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። አክስቴም አሁን ግቢዋ ውስጥ አላት።

ችግኝ ሻጩ
እህቴ፣ መንገድ ዳር ችግኝ በመሸጥ ነው የምኖረው። ይህን በየክረምቱ አየዋለሁ። አንድ የወደቀ አንሺና አንገቱን፣ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ እዪው። ተቆርጦ ከሆነ ትል ነው። የሚያብለጨልጭ ልጋግ ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ክር አክሎ ከቀጠነና ከጠቆረ ግን ከውሃ ብዛት የመጣ የአፈር በሽታ ነው። ሃይላንዱንስ ከታች በስተሽዋል?

ባለ ረጅሟ
ክር አክሏል! ቡናማ ሆኗል። ሃይላንዱ ቀዳዳ የለውም።

ችግኝ ሻጩ
እሱ ነው። የወደቀው አይነሳም፣ አትልፊበት። የቆሙትን እናድን። አሁኑኑ ፌስታሉን አንሺ። የወደቁትን ዙሪያቸውን ካለው አፈር ጋር በማንኪያ አውጥተሽ ጣይ። ምስማር አግለሽ ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ከዚያ ዝናብ የማይደርስበት፣ ብርሃንና ነፋስ የሚያገኝ ቦታ፣ ጣሪያው ክፈፍ ሥር አስቀምጪ። የላዩ አፈር በጣት ሲነካ እስኪደርቅ ውሃ የለም። ስታጠጪም ሰሐን ላይ ውሃ አድርገሽ ሃይላንዱን አስቀምጪው፤ ከሥር ይጠጣ። አፈሩ ያልተብላላ ፍግ ካለበት ደግሞ ለሚቀጥለው ለውጪው፤ ንጹሕ አፈርና አሸዋ ይበቃል። አመዱን ተዪው፤ ዝናብ ከነካው ለቀንድ አውጣም አያገለግል። ብዙ ስለወደድሻቸው ነው የሰጠሙት። የቀረሽን ዘር እንዳትዘሪ! በወረቀት ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አኑሪውና መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲወጣ ዝሪው።

ባለ ረጅሟ (ከጠዋቱ 4:35)
በሳሁት። የወጣው ውሃ ይሸታል። 16 ቆመዋል። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች ነው።

ጋሽ መምህር
ከዳኑ በኋላ ዋግ ተጠንቀቂ። የስንዴ ዋግ እንደሚባለው ሁሉ እሷም የራሷ አላት። ቅጠሉን ገልብጠሽ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካየሽ ያን ቅጠል ቁረጪና ከግቢ አውጪው። ውሃ ሥሯ ላይ እንጂ ቅጠሏ ላይ አታፍስሺ። አጥር ሥር የሚበቅለው ልትም ዘመዷ ነውና አጠገቧ አይብቀል።

የካዛንቺሷ (ሐምሌ 19)
ባለ ረጅሟ፣ ስንት ቀሩ?

ችግኝ ሻጩ (ሐምሌ 22)
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

የካዛንቺሷ (ነሐሴ 2)
ያን ቀን ጠንከር ብዬ ጽፌ ከሆነ ይቅርታ። እኛ ግቢ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ባዶ ቦታ አለ። ቤቱ የራሳችን ነው፤ ሁለት ዓመትም ሦስት ዓመትም ትቆይበታለች። አንድም ትትረፍ አምጪያት። እማማንም ይዘሻቸው ነይ።