ማኮብኮቢያው ሲቃረብ አውሮፕላኔ ይንቀራፈፋል፣ ቶሎ እርዱኝ!

ንስር21፦ ወገኖች፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል ፕሮግራም) ኦንላይን አብረን ልንበር ተቀጣጥረናል። አዲስ የጫንኩት ባለሁለት ሞተር ጄት ግን ጉድ እየሠራኝ ነው። ከፍታ ላይ ምንም አይልም። ትልቅ ኤርፖርት ላይ ላርፍ ስል ምስሉ ይቆራረጣል። መለኪያው 140 ኖት እያለ አውሮፕላኑ በደረቱ የሚሳብ ይመስላል። ጓደኞቼ «ወደኋላ ቀረህ» ይሉኛል። ሞተሩን ደካማ አድርገው ነው የሠሩት መሰለኝ። ምኑን ልንካ? ደመናውና ኮክፒቱ እንዲበላሽብኝ አልፈልግም።

ደመና፦ የትኛው ሲሙሌተር? ካርድህስ? ይህን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስ?

ጀማሪው፦ ሬዞሉሽን (የስክሪኑን የምስል ነጥቦች ብዛት) ቀንስ። እኔ በዚያ ነው የተገላገልኩት።

ንስር21፦ ኤክስ-ፕሌን 12። ግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ጊጋባይት ነው። ሬዞሉሽን ቀነስኩ፣ ለውጥ የለም።

የድሮ ክንፍ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ «እውነታ» የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ። ኤድዊን ሊንክ በ1929 እ.ኤ.አ. የሠራው የበረራ ማሠልጠኛ ውጭውን የሚያሳይ ምንም ምስል አልነበረውም። ሠልጣኙ ክዳኑ ተዘግቶበት መለኪያ ብቻ እያየ ይለማመድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንት አብራሪ የሠለጠነው በእሱ ነው! እጅህ ያዘዘውን አውሮፕላኑ ወዲያው ካልታዘዘ ያ ሁሉ ደመና ምን ይረባሃል?

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል፤ ልጁ ግን ማታ በራሪ ነው። ንስር፣ ሬዞሉሽኑን በደንብ ቀንሰው እንጂ።

ባለ ጆይስቲክ፦ ንስር፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የዘገየው ጊዜው ራሱ ነው። ኤክስ-ፕሌን በክንፉና በጅራቱ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ቁራጭ በቁራጭ እያሰላ ነው የሚያበርህ። በሰከንድ 20 ፍሬም (ምስል) ላይ በ140 ኖት የሚሄድ አውሮፕላን ከአንዱ ፍሬም እስከ ቀጣዩ 3.6 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍሬሙ ከ20 በታች ከወረደ ስሌቱ እንዳይበላሽ ሲሙሌተሩ ጊዜውን ያዘገየዋል። ጓደኞችህ ጥለውህ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ካላመንክ የኮክፒቱን የሰዓት ቆጣሪ ከስልክህ ጋር እኩል አስነሳና ተመልከት።

አሁን ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ አውትፑት የሚለው ጋ ግባና የፍሬም ሬቱን መስመር ስክሪን ላይ አውጣ። የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) እና የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) ጊዜ ለየብቻ ይመጣልሃል። ልታርፍ ስትቃረብ ስንት ስንት ይላል?

ንስር21፦ ሰዓቱ እውነትም ወደኋላ ቀረ! ሲፒዩ 58፣ ጂፒዩ 21 ሚሊ ሰከንድ ይላል።

ባለ ጆይስቲክ፦ በቃ፣ ተገኘ። የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም እንድታገኝ ከ33 ሚሊ ሰከንድ በታች መውረድ አለበት። ሬዞሉሽን የካርዱን ሥራ ነው የሚያቀለው፤ ካርድህ ደግሞ ሥራ አልበዛበትም። ደመናውንም፣ የኮክፒቱን ቴክስቸርም (ላዩን የሚሸፍነውን ምስል) አትንካ። ሲሙሌተሩ ራሱ የሚያበራቸውን ሌሎች አውሮፕላኖች በሙሉ አስወጣ። የእነሱም በረራ እንደ አንተው ስለሚሰላ ፕሮሰሰሩን ይበሉታል። ቀጥሎ የሕንፃውንና የዕቃውን ብዛት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግ። የኮክፒት ስክሪኖችን በተለየ መስኮት አውጥተህ ከሆነ መልሳቸው።

ደመና፦ በአንድ ፍሬም ስንት ጊዜ በረራው እንደሚሰላ የሚወስነው ሴቲንግስ? ብዙ ሰው እውነታው ይጨምራል ብሎ ከፍ ያደርገዋል።

ባለ ጆይስቲክ፦ ጥሩ አነሳኸው። እሱ የሚጠቅመው ለትንንሽ፣ ቀላልና ቶሎ ቶሎ ለሚገለባበጡ አውሮፕላኖች ነው፤ ካልጨመርክላቸው ይንቀጠቀጣሉ። ለከባድ ጄት ዝቅተኛው ይበቃል፣ በእጅህ ላይ የሚሰማህ ልዩነት የለም። አውሮፕላኑ የራሱ ሜኑ ካለው ደግሞ የስክሪኖቹን መታደሻ ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ ፈልግ። የአየር ሁኔታ ራዳሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ባይታደስ ማንም አይጎዳም። የአውሮፕላኑን ዝንባሌ የሚያሳየውን መለኪያ ግን እንዳትነካው፤ ስታርፍ ዓይንህ እሱ ላይ ነው።

የድሮ ክንፍ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። እጅህ የሚሰማውን ጠብቅ፣ ሌላውን ቀንስ።

ጀማሪው፦ ሬዞሉሽኑም ቢቀነስ አይጎዳም።

ሰማያዊት፦ ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። የእኔ ተቃራኒ ነው። ሲፒዩው 20፣ ጂፒዩው 45 ይላል። ካሜራውን ወደ ኮክፒቱ ሳዞር ለአፍታ ቀጥ ይላል።

ባለ ጆይስቲክ፦ ሰማያዊት፣ ያንቺ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ይሆናል። የቴክስቸር ጥራቱን አንድ ደረጃ አውርጂ። ጎኑ 4096 የሆነ ምስል 2048 ሲሆን የሚይዘው ቦታ ሩብ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ሳትነኪ በመጀመሪያ እሱን ብቻ ቀይሪና ያንኑ በረራ ድገሚው። ደመናውንና ጥላውን አብረሽ ከቀየርሽ የቱ እንደረዳሽ አታውቂም።

ሰማያዊት፦ እሺ፣ አሁኑኑ ልሞክረው።

ደመና፦ ንስር፣ አለህ? ስንት ላይ ደረሰልህ?