የቡና ችግኜ አፈር ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣ፤ ፀረ-ፈንገስ ላጠጣው ወይስ ልተወው?

የጅማው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወጣ ብሎ 600 የሚሆን የቡና ችግኝ አፍልቻለሁ። ዘሩ 74110 የሚባለው የቡና ዝርያ ነው። ትናንት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። በጣቴ ስነካው እንደ ሸረሪት ድር ይበጠሳል። ደነገጥኩ። ኬሚካል የሚሸጥ ሰው «ፈንገስ ነው፣ ዛሬውኑ መድኃኒት አጠጣው» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «አትንካው፣ ሥሩን የሚረዳ ፈንገስ አለ» አለኝ። ሁለቱም ፈንገስ ከሆኑ እኔ በምን ልለያቸው? ተክሉ ራሱስ ይለያቸዋል?

ችግኝ አፍይ
ወንድሜ አይዞህ። ኮምፖስቱ በደንብ በስሎ ነበር? ካልበሰለ ያ ነጭ ድር አብዛኛውን ጊዜ ገለባና ቅጠል የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው። ጤነኛ ሥር አይነካም። ጎረቤትህ ያለው ፈንገስ በእርግጥ አለ። ግን እሱን በዓይንህ አታየውም፤ ክሩ እጅግ ቀጭን ነው፣ ዋናው ሥራውም ሥሩ ውስጥ ነው።

አንተ ማየት ያለብህ አንገቱን ነው። ግንዱ ከአፈር የሚወጣበት ቦታ ጠቁሮ ከቀጠነና ችግኙ ካዘመመ አደገኛው መጥቷል። ያንን ከነአፈሩ አውጥተህ አርቀህ ጣለው። አንገቱ ጠንካራ ከሆነ ግን ውሃ ቀንስ፣ የላዩን አፈር በቀጭን እንጨት ኮትኮት አድርግ፣ ዳሱንም ትንሽ አሳሳው፣ አየር ይግባው። በግምት ኬሚካል አታፍስበት። አንዳንዱ ፀረ-ፈንገስ ጠቃሚውንም ይጨርሳል።

የጅማው
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንገታቸው የጠቆረው 9 ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ውሃ በሚያቁረው ጥግ ያሉ። ኮምፖስቱም እንዳልከው ነው፤ ገለባው ገና ይታያል። ግን ሁለተኛው ጥያቄዬ ቀረ። ተክሉ በምን ያውቃል?

የባዮሎጂ መምህርት
ይህን ጥያቄ ተማሪ ሲያነሳው ደስ ይለኛል። ዓይንም ጆሮም የሌለው ፍጥረት እንዴት ወዳጅና ጠላት እንደሚለይ ማሰብ ራሱ ያስደንቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የፈንገስ ግድግዳ ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የአንበጣ ቅርፊት ውስጥም አለ። ተክል ግን የራሱ ካይቲን የለውም። ስለዚህ አጠገቡ ካይቲን ሲያገኝ ባዕድ እንደመጣ ያውቃል። የካይቲኑን ሰንሰለት የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያወጣል፤ ቁርጥራጮቹን ደግሞ ሴሉ ወለል ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ይይዟቸዋል።

ዋናው ጉዳይ የቁርጥራጩ ርዝመት ነው። ረጅም ከሆነ፣ 7 ወይም 8 ቋጠሮ ያለው፣ የአደጋ ምልክት ነው። ተክሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፣ ግድግዳውን ያጠናክራል፣ ፈንገስ የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችም ማዘጋጀት ይጀምራል።

ጠቃሚው ፈንገስ ማይኮራይዛ ይባላል። እሱም የሚልከው መልእክት ከካይቲን የተሠራ ነው፤ ግን አጭር ነው፣ 4 ወይም 5 ቋጠሮ። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ቅባት አለው። ይህ ሲደርሰው በሥሩ ሴል ኒውክለስ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደ ልብ ትርታ። ከዚያ ሥሩ በሩን ይከፍታል። ፈንገሱ ገብቶ ሴሉ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። እዚያ ላይ ፎስፈረስ ይሰጣል፣ ስኳርና ቅባት ይቀበላል። በሩዝ ላይ እንደታየው ደግሞ ሰርክ 1 የሚባለው ተቀባይ በሁለቱም ሥራ ውስጥ አለ። መልሱ የሚለየው ከየትኛው ተቀባይ ጋር እንደተጣመረ ነው።

የአርሲ ገበሬ ልጅ
መምህርት፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ ካለ ስንዴያችንን ዋግ የሚባለው ፈንገስ ለምን ይበላዋል? በ2013 እ.ኤ.አ. አርሲና ባሌ ላይ ዲጋሉ የሚባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ሲጨርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ አገዳውን በእጁ ሲያሻሽ መዳፉ የሸክላ አቧራ መሰለ። ዘሩ ግን ዋግ ይቋቋማል ተብሎ የተሰጠን ነበር።

የባዮሎጂ መምህርት
ያማል ወንድሜ። በሽታ አምጪ ፈንገሶችም ዝም ብለው አይቀመጡም። አንዳንዶቹ የካይቲኑን ቁርጥራጭ ተክሉ ሳያገኘው የሚሸሽጉ ፕሮቲኖች ይለቃሉ። ተክሉ ለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ አለው፤ የተላከውን ፕሮቲን የሚያውቅ ጂን። ጂኑ ካወቀው ዋጉ የነካው ሴል ራሱን ይገድላል። ዋግ የሚኖረው በሕያው ሴል ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያው ይራባል። በሚቋቋም ስንዴ ላይ ዱቄቱ ሳይወጣ የገረጣ ነቁጥ ብቻ የምታየው ለዚህ ነው። ዲጋሉን ያጠቃው ግን የዝርያው ጠባቂ ጂን የማያውቀው የዋግ ዘር ነበር። ዲጋሉ በጊዜው ለሌሎች የዋግ ዘሮች በእርግጥ ጠንካራ ነበር።

ማሽላ ወዳጅ
ስለ ማይኮራይዛ አንድ ልጨምር። ተክሉ እስኪመጣለት አይጠብቅም፣ ራሱ ይጠራዋል። ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ ፈንገሱ ያንን ተከትሎ ይመጣል። ይህ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ክፋቱ፣ ሥር ላይ ተጣብቃ የምትኖረው አረም አቀንጭራም ይህንኑ ጥሪ ትሰማለች! ማሽላችንን የምትፈጀው ዘሯ በዚህ ኬሚካል ነቅቶ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲያወጡ ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የአቀንጭራን ዘር የሚያነቃው ነገር ከሥሩ በጣም ጥቂት የሚወጣ ዝርያ ነው።

ስለዚህ የጅማው፣ ችግኝህ ላይ ዳፕ፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ፣ አታብዛ። ፎስፈረስ የጠገበ ሥር አይጠራም።

የጓሮ አትክልት
ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። እኔ ለጎመኔ የማይኮራይዛ ዱቄት በውድ ልገዛ ነበር። ይጠቅመኛል?

ማሽላ ወዳጅ
ብርሽን አታባክኚ እህቴ። ጎመንና ዘመዶቹ ከማይኮራይዛ ጋር አይኖሩም። ለሽንኩርትሽ ቢሆን ያምርበታል።

ችግኝ አፍይ
ቡና ግን በጣም ይወደዋል። ዱቄት መግዛትም አያስፈልግህም። ከጤነኛ የጫካ ቡና ሥር ጥቂት አፈር አምጥተህ ለሚቀጥለው መደብ ቀላቅል። ቡና ከደረቀበት ቦታ ግን በፍጹም አታምጣ፤ ቡና የሚያደርቀውም ፈንገስ አፈር ውስጥ ይቆያል።

የጅማው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ኬሚካል አልገዛሁም። ውሃውን ከየቀኑ በሁለት ቀን አንዴ አደረግኩ፣ ያንንም ጥግ ቦይ ቆፈርኩለት። ነጩ ድር በሳምንቱ ጠፋ። ከዘጠኙ ሌላ የሞተብኝ 4 ብቻ ነው። ዛሬ የወደቀ ጤነኛ ችግኝ ላስተካክል ስል ሥሩን አየሁት፤ ነጭና ንጹሕ ነው፣ ጸጉሩም ብዙ። ለጎረቤቴም ያላችሁኝን ነገርኩት፤ የጫካውን አፈር ነገ አብረን እናመጣለን።