ከ15 ዓመት በኋላ ካሳ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ሽማግሌ ልከውብኛል

የዳሞት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልጽፍም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥያቄዬ የሕግ ነው፤ ግን ታሪኩን ትንሽ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አራተኛ ክፍል ስጨርስ፣ በ2003 መሆኑ ነው፣ እናቴ ከተማ ገብቼ እንድማር ብላ ከአክስቴ ቤት አስቀመጠችኝ። የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ጤፍና በርበሬ ይዞ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። የአክስቴ ባል በዚያ ዓመት ያደረገብኝን እዚህ አልዘረዝርም። አክስቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል፣ ቢያምኑኝስ ትምህርቴ ይቀርና ገጠር ተመልሼ እዳራለሁ ብዬ ፈራሁ።

አሁን 26 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ልብስ ስፌት እሠራለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ወንድ ኮቴ ከኋላዬ ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በዚህ ምክንያት ሁለት ሥራ ለቅቄያለሁ። አምና ሕክምና ጀመርኩ፤ መድኃኒቱና ምክሩ ከደሞዜ ግማሹን ይበላል። ዘንድሮ ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ራሷን ስታ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከብኝ፣ የንስሐ አባታችንም አሉበት። 40,000 ብር ይከፍላል፣ አንቺም ፈርመሽ ይቅር በይ፣ የአክስትሽ ቤት አይፍረስ ነው የሚሉት። እሱም በቴሌግራም «ያኔ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ይቅር በይኝ» ብሎ ጽፎልኛል።

ፖሊስ ጋ ለመሄድ ገና አልወሰንኩም። ግን ለሕክምናዬ እሱ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል? ጊዜው አልፏል? ጠበቃ የምቀጥርበት ገንዘብ የለኝም።

የቢቸናው፦

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ በአካባቢዬ ብዙ እርቅ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ መንገዱም እንደምታውቂው ነው፣ ዛሬ ተከፈተ ሲሉሽ ነገ ይዘጋል። እናትሽና አክስትሽ እህትማማች ናቸው፣ ለቅሶ እንኳ ላይደራረሱ ነው። ገንዘቡ አነሰ ካልሽ ሽማግሌው ከፍ ያስደርግልሽ፣ 100,000 ይበል። ለአንቺ ጤና ብዬ ነው፣ አትቀየሚኝ።

ጠበቃ ከማርቆስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር። ያንን ወረቀት አትፈርሚ። የቢቸናው ወንድማችን በቅንነት ነው የጻፉት፣ ግን የእርቅ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ሰዎች በእርቅ ከተስማሙ ስምምነቱ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። 40,000 ብር ተቀብለሽ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ካልሽ፣ ነገ ሕክምናሽ ከዚያ አምስት እጥፍ ቢደርስ ተመልሰሽ መጠየቅ በጣም ይከብድሻል። ወንጀሉ ግን በእርቅ አይቀርም። ይህ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ስላልሆነ፣ ሽማግሌ ታረቀ አልታረቀ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በዚያ ወረቀት እሱን ነፃ አያወጡትም፣ የሚዘጉት ያንቺን በር ነው።

ወደ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ወደሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ልምጣ። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የሕግ ሰው ጭምር፣ «ካሳ በ2 ዓመት ይታገዳል» ብሎ ይመልስሻል። ግማሹ እውነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መጀመሪያ የሚለው 2 ዓመት ነው። ንዑስ ቁጥር 2 ላይ ግን ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀል ሕጉ ከዚያ የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠ፣ ለካሳውም የሚሠራው ረጅሙ ነው ይላል። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ፣ 13 ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸም በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጅቱ በአደራ እጁ ላይ የነበረች ከሆነች ደግሞ ይከብዳል። ከ10 ዓመት በላይ እስከ 25 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 20 ዓመት ነው። የደረሰብሽ ይህ ከሆነ 2003 ላይ 20 ደምሪ፣ 2023 ይመጣል። ድርጊቱ ግብረ ሥጋ ላይ ያልደረሰ ከሆነ ግን ቅጣቱም ይርጋውም ያንሳል፣ ምናልባት ቀኑ በጣም ቀርቦ ይሆናል። ዝርዝሩን እዚህ አትጻፊ፣ ለሚይዝልሽ የሕግ ባለሙያ ብቻ ንገሪ፣ ግን ቶሎ ንገሪ።

ሌላም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1853። ባለመብቱ ተጠያቂውን ፈርቶ ወይም ለሱ የሚታዘዝ ሆኖ፣ ወይም በሥጋና በጋብቻ ዝምድና ምክንያት በጊዜው ሳይጠይቅ ከቀረ፣ ዳኛው «በይርጋ ታግዷል» የሚለውን የተከሳሹን መቃወሚያ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል ይላል። የአክስትሽ ባል፣ በቤቱ እንጀራ የምትበዪ የ11 ዓመት ልጅ! ይህ ድንጋጌ ለማን ተጻፈ ታዲያ? የሚገኘው ውልን በሚመለከተው ክፍል ነው፣ ሆኖም ቁጥር 1677 ከውል ውጭ ላሉ ግዴታዎችም እንዲሠራ ያደርገዋል። ብቻ «ሊያደርገው ይችላል» ነው የሚለው፣ ዳኛውን አያስገድድም፤ በሱ ተማምነሽ ዓመት አታሳልፊ።

ስለ ገንዘቡ ልዋሽሽ አልፈልግም። ለህሊና ጉዳት፣ ማለትም ለስቃዩና ለሐዘኑ፣ የሚሰጠው ካሳ ጣሪያው በቁጥር 2116 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፣ ቁጥሩ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። እኔ በዚህ ነገር ችሎት ውስጥ ቆሜ አፍሬ አውቃለሁ። በ1993 ከአርሲ የተጠለፈች የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አገር ውስጥ ፍትሕ ስታጣ ጉዳይዋ እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄዶ፣ ኮሚሽኑ በ2008 መንግሥት 150,000 ዶላር ይካሳት ብሎ ወሰነ። በ1,000 ብርና በዚህ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቺው።

ያ ጣሪያ ግን ለህሊናው ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና ያወጣሽው፣ ወደፊት የምታወጪው፣ ሥራ በመልቀቅሽ ያጣሽው ገቢ ጣሪያ የለውም። በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ክስሽ የሚቆመው በደረሰኝ ላይ ነው። የካርድ፣ የመድኃኒት፣ የትራንስፖርት፣ ሁሉንም ሰብስቢ። ከሐኪምሽም ሕመምሽ ከምን እንደመጣና ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚቀጥል የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቂ።

የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፊ፣ ስልኩንም አትሽጪ። ስክሪንሾት አንሺው፣ ግን ዋናው ስልኩ ላይ ይቆይ። ሽማግሌ ፊት ሲያምን የሰሙ ሰዎችም ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። የንስሐ አባታችሁን ግን ባታስጨንቂያቸው ይሻላል።

የሞጣዋ፦

እህቴ እኔም እንዳንቺው ነኝ። በ15 ዓመቴ፣ ጎረቤት። የኔ በጊዜው ተከሶ ተፈርዶበታል፣ ታስሮም ወጥቷል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሬ ካሳ መጠየቅ እንደምችል አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም። ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ማንም። እናቴ እኔን ለማሳከም ሁለት በሬ ሸጣለች። በኋላ አንዲት የሕግ ተማሪ ነች የነገረችኝ። የፍርዱን ግልባጭ አውጥቼ በፍትሐ ብሔር ከሰስኩ። ዳኛው ደረሰኝ ሲሉኝ ያለኝ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ነበር፣ ሌላውን እናቴ ምድጃ ለማቀጣጠል ተጠቅማበታለች፣ በምን ታውቀዋለች። የተፈረደልኝ የሦስቱ ወረቀት ገንዘብና ያ 1,000 ብር ነው። ስለዚህ ጠበቃው ደረሰኝ ያሉሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ያዢው።

ለየቢቸናው፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን የአክስቷ ቤት የፈረሰው እሱ ያን የሠራ ቀን ነው። እሷ ናት እንዴ አፍራሽ የምትባለው? የኛም ሰፈር ሽማግሌ ለእናቴ «ያግባት» ብሎ ነበር። ተፈርዶበት ነው የዳንኩት።

ጠበቃ ከማርቆስ፦

የሞጣዋ ያነሳችው ትልቅ ነገር ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 እና በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ቁጥር 154 መሠረት፣ ተበዳይ ክሱ መሰማት ሲጀምር የካሳ ጥያቄዋን በጽሑፍ፣ መጠኑን ገልጻ፣ እዚያው ወንጀል ችሎት ማቅረብ ትችላለች። ዳኛው ነገሩ ችሎቱን ያወሳስባል ካለ ወደ ፍትሐ ብሔር ይመልሳታል፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይህ ነው። ያም ሆኖ መጠየቁ አይጎዳም። «ያግባት» የሚለውም ድሮ በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊን ነፃ ያወጣ ነበር፤ አሁን የለም፣ ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድንም።

የዳሞት ልጅ፣ ያለ ወንጀል ክስም በፍትሐ ብሔር ብቻ መሄድ ትችያለሽ። ሌላው ቀርቶ ወንጀል ችሎት በማስረጃ ማነስ ነፃ ቢለቀው እንኳ፣ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም፣ ቁጥር 2149 ነው።

እናት ከቡሬ፦

ይቅርታ በመሃል ስገባ። የሰፈሬ ልጅ ናት፣ 9 ዓመቷ፣ ትናንት ማታ ነው የሆነው። እናትየው ታቅፋት ታለቅሳለች፣ ልታጥባት ውሃ አሙቃለች። ምን ልበላት?

ነርስ ነኝ፦

አትጠባት! አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። የለበሰችውን ልብስ አይጠቡት፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይያዙት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ስለዚህ ፖሊስ ጋ ሄደን እስክንመለስ አትበሉ። ፖሊሱም ይደረስበታል፣ መጀመሪያ ሕክምና። ልጅቷን ደግማችሁ ደጋግማችሁ «ምን አደረገሽ» እያላችሁ አትጠይቋት፣ አንድ ጊዜ ለሐኪሙ ትናገር። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት፣ እናትየው እያለቀሰችም ቢሆን ትበላት። ቡሬ መድኃኒቱ የለም ካሏችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ዛሬውኑ ውጡ። ክስ ሲመጣ ደግሞ፣ በዳዩ ከቤት ሰው ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ለልጅቷ ሌላ ሞግዚት እንዲሾምላት መጠየቅ ይቻላል፣ እሱን ጠበቃው ይንገሩሽ።

እናት ከቡሬ፦

እየወጣን ነው። ባጃጅ አግኝተናል። እግዜር ይስጥልኝ።

የዳሞት ልጅ፦

የቡሬዋን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔንም አንድ ሰው እንዲህ ታቅፎ ቢወስደኝ ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ልጅቷ ደህና ትሁን።

ጠበቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ክሱ የት ነው የሚቀርበው? ባሕር ዳር ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል፣ እዚያ ችሎት ገብቼ ሰው ሁሉ ዘመድ ጎረቤት ሆኖ ሲያየኝ መናገር አልችልም። ደግሞስ የፍርድ ቤቱ ክፍያ?

ጠበቃ ከማርቆስ፦

ቦታው የሚሆነው ድርጊቱ የተፈጸመበት ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ነው፣ ያንቺ ሁለቱም ፍኖተ ሰላም ነው። ግን በዝግ ችሎት ይሰማልኝ ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ፣ የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ችሎት ሊዘጋ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ራሱ አንቀጽ 20 ላይ ይላል። ማመልከቻው ከክሱ ጋር አብሮ ይግባ፣ ቀጠሮው ቀን በቃል አትጠይቂ።

የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ካልቻልሽ በደሃ ደንብ መክሰስ የሚባል አለ። ገቢሽንና ንብረትሽን የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ ይዘሽ፣ በቃለ መሐላ ታቀርቢያለሽ። ጠበቃን በተመለከተ ባሕር ዳር ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እዚያ ቅርንጫፍ አለው። ማርቆስ ለምትሆኑት የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ስትሄጂ መታወቂያሽን፣ የልደት ወይም የክርስትና ማስረጃሽን (ያኔ ዕድሜሽ 13 እንዳልሞላ የሚያሳየው እሱ ነው)፣ የዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ካርድሽን፣ የሐኪም ወረቀትሽንና ስልክሽን ያዢ። ካርዱ ያኔ ከተማ እንደነበርሽ ያሳያል።

የቢቸናው፦

ልጄ፣ ወረቀቱ የሚዘጋው ያንቺን በር መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ስንት ሰው እንዲህ እንዳስፈረምኩ ማታ ተኝቼ ሳስብ ነበር። አትፈርሚ። ሽማግሌዎቹ ከመጡብሽ፣ ነገሩ ሕግ ጋ ነው በያቸው፣ ይበቃቸዋል።

የዳሞት ልጅ፦

ካርዴን እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ አሁን ደውዬላት አገኘችው። ሐሙስ የሕግ ድጋፉ ጋ ልሄድ ነው። ብቻዬን ከበሩ ላይ እንዳልመለስ ነው የምፈራው።

የሞጣዋ፦

እኔም ባሕር ዳር ነኝ። ሰዓቱን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ስምሽን ሳትነግሪኝም መምጣት ትችያለሽ፣ ነጠላ ለብሼ ቢጫ ጃንጥላ እይዛለሁ።